ዩኒቨርሲቲውን ከኳስ ሜዳ ያስወጣው ፕሬዚዳንት
የሮበርት ሃቺንስ የሕይወት ታሪክ

ሰው አንድን ነገር ለመጀመር ድፍረት ያስፈልገዋል። የጀመረውን ነገር፣ ያውም ክብርና ጭብጨባ ያተረፈለትን፣ ከዓላማዬ አውጥቶኛል ብሎ ለመተው ግን ከዚያ የበለጠ ድፍረት ያስፈልገዋል። ዛሬ የሕይወት ታሪኩን ለአንባብያን የምናቀርበው ሮበርት ሜይናርድ ሃቺንስ ይህን ሁለተኛውን ዓይነት ድፍረት በማሳየቱ ስሙ ሲነሣ የሚኖር አሜሪካዊ የትምህርት ሰው ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ታሪኩን ዛሬ ለማንሣት ምክንያት አለን። በአሜሪካ አገር የኮሌጅ ተማሪዎች የሚያደርጉት የስፖርት ውድድር የዕረፍት ጊዜ መዝናኛ ብቻ አይደለም። ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ የሚመለከተው፣ ቴሌቪዥን ከፍ ያለ ገንዘብ የሚከፍልበት፣ አንዳንዱ አሠልጣኝ ከዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት የሚበልጥ ደመወዝ የሚቀበልበት ትልቅ ንግድ ነው። ተጫዋቾቹ ግን ከትምህርትና ከቀለብ ወጪያቸው በቀር ገንዘብ እንዳይቀበሉ ደንቡ ለረዥም ዘመን ሲከለክል ኖሯል። ከጁላይ 2021 ጀምሮ በስማቸውና በመልካቸው ከሚሠራ ማስታወቂያ ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደላቸው። በጁን 2025 ደግሞ አንዲት የፌዴራል ዳኛ ባጸደቁት ስምምነት መሠረት ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ መክፈል ቻሉ። ለመጀመሪያው ዓመት የተወሰነው የክፍያ ጣሪያ ለአንድ ትምህርት ቤት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበረ።

ይህን የመሰለ ገንዘብ ከየትም ሊያመጡ የማይችሉ ትናንሽ ኮሌጆች ከባድ ጥያቄ ላይ ወድቀዋል። ከታላላቆቹ ጋር እየተጋፉ ይኑሩ ወይስ ከአንደኛው ዲቪዚዮን ወጥተው በአቅማቸው ይጫወቱ? ጥያቄው አዲስ ይመስላል እንጂ አዲስ አይደለም። ከ80 ዓመታት በፊት ይህንኑ ጥያቄ የተጋፈጠና በማያሻማ ቃል መልስ የሰጠው ሮበርት ሃቺንስ ነው።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ሮበርት ሃቺንስ በጃንዋሪ 17 ቀን 1899 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ ብሩክሊን በተባለው ክፍል ተወለደ። አባቱ ዊልያም ጀምስ ሃቺንስ የፕረስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበረ። በ1907 ዓ.ም. አባቱ በኦሃዮ በሚገኘው በኦበርሊን ኮሌጅ የማስተማር ሥራ ስላገኘ ቤተ ሰቡ ወደዚያ ተዛወረ። ኦበርሊን ትንሽ ከተማ፣ ኮሌጁም ትንሽ ኮሌጅ ነው። ነገር ግን ጥቁር አሜሪካውያንንና ሴቶችን ከሌሎች ቀድሞ ለትምህርት በመቀበሉ ስሙ የተከበረ ነው። ሃቺንስ ያደገው ጸሎትና መጽሐፍ በማይለዩበት፣ የሰው ዋጋ በዕውቀቱና በግብሩ በሚመዘንበት በዚህ ሥፍራ ነው። አባቱም በ1920 ዓ.ም. በኬንታኪ የሚገኘው የቤሪያ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆነ። ይህ ኮሌጅ የድኻ ልጆችን የትምህርት ዋጋ ሳያስከፍል፣ ነገር ግን ሁሉንም በእጃቸው እያሠራ የሚያስተምር ነው። ልጁ ስለ ኮሌጅ ዓላማ የነበረው አስተያየት ከእነዚህ ከሁለቱ ትናንሽ ትምህርት ቤቶች የተቀዳ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በ1917 ዓ.ም. አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ወጣቱ ሃቺንስ ትምህርቱን አቋርጦ በአምቡላንስ ጓድ ውስጥ ገባ። በኢጣልያም ግንባር ቁስለኞችን በማመላለስ አገልግሎ ከኢጣልያ መንግሥት የጦር ሜዳ መስቀል ተሸለመ። ከጦርነቱ ሲመለስ ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ ገባ። የቄስ ልጅ እንጂ የባለጸጋ ልጅ ስላልነበረ ለኑሮው እየሠራ ተማረ፤ በ1921 ዓ.ም.ም ተመረቀ። ከዚያ በኋላ ዕድገቱ ፈጣን ሆነ። በ1923 ዓ.ም. የዬል ዩኒቨርሲቲ ጸሓፊ፣ በ1925 ዓ.ም. የሕግ ተመራቂ፣ በ1928 ዓ.ም. የዬል የሕግ ትምህርት ቤት ዲን ሆነ። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተሾመ። ዕድሜው ገና 30 ዓመት ነበረ።

ቁመተ ረጅም፣ መልከ መልካም፣ አንደበቱ የተሳለ ሰው ስለ ነበረ በሄደበት ሁሉ ወዳጅም ጠላትም ያፈራ ነበረ። ሥልጣኑን የተረከበውም በክፉ ቀን ነው። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወድቆ አሜሪካ በብርቱ የገንዘብ ችግር ተያዘች።

ሽማግሌው አሠልጣኝና ሜዳው

ሃቺንስ የተረከበው ዩኒቨርሲቲ በ1890 ዓ.ም. በታወቀው የነዳጅ ባለጸጋ በጆን ሮክፌለር ገንዘብ የተቋቋመ ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዊልያም ሬይኒ ሃርፐር አዲሱን ትምህርት ቤት በአጭር ጊዜ ለማሳወቅ አስቦ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ የታወቁ ሊቃውንትን ከየቦታው በከፍተኛ ደመወዝ ሰበሰበ። ሁለተኛ፣ አሞስ አሎንዞ ስታግ የተባለውን የዬል ስመ ጥር ተጫዋች በ1892 ዓ.ም. አሠልጣኝ አድርጎ አመጣ፤ የመምህርነትም ማዕርግ ሰጠው።

ፉትቦል ሲባል አንባቢ እኛ የምናውቀውን እግር ኳስ እንዳያስብ። የአሜሪካ ፉትቦል ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኖ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት፣ አንዱ ሌላውን ገፍቶ የሚጥልበት፣ ብርቱ ጉልበት የሚጠይቅ ጨዋታ ነው። በመጀመሪያው ዘመን ከጭካኔው የተነሣ ብዙ ወጣቶች ይሞቱበት ስለ ነበረ በ1905 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ራሱ የታላላቅ ትምህርት ቤቶችን ሰዎች ጠርቶ እስከ መምከር ደርሷል። ዛሬ የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ብሔራዊ ማኅበር የተወለደው ከዚያ ሁከት በኋላ በ1906 ዓ.ም. ነው።

ስታግ ቀድሞ ቄስ ለመሆን የተማረ፣ በሥነ ምግባሩ የተመሰገነ ሰው ነበረ። ቺካጎን ለ41 የውድድር ዘመን አሠለጠነ። ትምህርት ቤቱም ዛሬ ቢግ ቴን የሚባለውን ታላቅ የመካከለኛው ምዕራብ ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ሆኖ ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። በዩኒቨርሲቲው ግቢ የተሠራው ሜዳ በስታግ ስም ተጠራ፤ መቀመጫውም እየሰፋ ሄዶ ከ50,000 በላይ ተመልካች የሚይዝ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ እየመጣ ይሞላው፣ የመግቢያውም ገንዘብ ሣጥኑን ይሞላው ነበረ።

ነገር ግን የሳሩን መልካምነት ያየ ሁሉ ገደሉን አላየም። የመግቢያ ገቢ ሲበዛ ስታዲየም ይሠራል። ስታዲየም ሲሠራ ዕዳ ይመጣል። ዕዳውን ለመክፈል ሕዝብ መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ ሕዝብ የሚሰበሰበው ለሚያሸንፍ ቡድን ብቻ ነው። ለማሸነፍም ጎበዝ ተጫዋች ከሩቅ ማስመጣት ግድ ይሆናል፤ ጎበዙም ተጫዋች በነጻ አይመጣም። የካርኔጊ ድርጅት በ1929 ዓ.ም. ባወጣው ታላቅ የጥናት መግለጫ ከተመረመሩት ኮሌጆች የሚበዙት ለተጫዋቾቻቸው በአንድም በሌላም መንገድ ጥቅም ይሰጡ እንደ ነበረ ገልጿል። አንዱ በስኮላርሺፕ ስም፣ አንዱ ሥራ በሌለው ሥራ ስም፣ አንዱም ከቀድሞ ተማሪዎች ኪስ ይከፍል ነበረ። ደንቡ ክፍያን ይከለክላል፤ ሥራው ክፍያን ይጠይቃል። በዚህ መካከል ሐሰት የኮሌጆች የዘወትር ልብስ ሆነ።

አዲሱ ትምህርትና አሮጌው ጨዋታ

ሃቺንስ ቺካጎ እንደ ደረሰ ሐሳቡ ሁሉ በትምህርቱ ላይ ነበረ። በ1931 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የቺካጎ የትምህርት ዕቅድ ተማሪው በክፍል ውስጥ በተቀመጠበት ሰዓት ሳይሆን በጠቅላላ ፈተና ባሳየው ዕውቀት እንዲመዘን አደረገ። ከወዳጁ ከሞርቲመር አድለር ጋር ሆኖም የጥንት ፈላስፎችን መጻሕፍት እያስነበበ ያስተምር ነበረ። ትምህርቱ ከባድ፣ ፈተናው ብርቱ ሆነ። ሌሎች ትላልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተጫዋቾቻቸውን በሰውነት ማጠንከሪያና በመሳሰለው ቀላል ትምህርት ሲያሳልፉ በቺካጎ እንዲህ ያለ መሸሸጊያ አልነበረም። ስለዚህ ጎበዝ ተጫዋች ከሆኑት ወጣቶች ብዙዎቹ ቺካጎን እየተዉ ወደ ሌላ ሄዱ።

በ1932 ዓ.ም. ስታግ 70 ዓመት ስለ ሞላው በዩኒቨርሲቲው የጡረታ ደንብ መሠረት ከአሠልጣኝነቱ ተሰናበተ። ሽማግሌው ግን ጉልበት አለኝ ብሎ ጡረታ አልተቀበለም፤ ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ ፓሲፊክ የተባለ ትንሽ ኮሌጅ ማሠልጠን ጀመረ። ነገሩ ተረት የሚመስለው በ1938 ዓ.ም. ነው። ይህን ትንሽ ኮሌጅ ይዞ በስሙ ወደ ተጠራው ሜዳ ተመልሶ መጣና የቀድሞ ቤቱን ቺካጎን 32 ለ 0 አሸነፈ።

በዚህ የማሽቆልቆል ዘመን መካከል አንድ ኮከብ ታየ። ጄይ በርዋንገር የተባለው የቺካጎ ተጫዋች በ1935 ዓ.ም. ለአገሩ የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን፣ ዛሬ ሃይስማን ተብሎ የሚታወቀውን ሽልማት ከሁሉ በፊት የተቀበለ ሰው ሆነ። በማግሥቱም ዓመት የባለሙያዎቹ ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ ባደረገው የተጫዋቾች ምርጫ ላይ ስሙ ከሁሉ ቀድሞ ተጠራ። በርዋንገር ግን በክፍያው ሳይስማማ ቀርቶ አንድ ቀን እንኳ በባለሙያነት ሳይጫወት ወደ ሥራ ዓለም ገባ። በዚያን ጊዜ አንድ የተማረ ወጣት ከኳስ ይልቅ በሥራ የተሻለ እንጀራ አገኛለሁ ብሎ ማሰብ ይችል ነበረ።

እርሱ ከሄደ በኋላ ቡድኑ ተዳከመ። ሲያልቅ አያምር እንደሚባለው፣ ሃምሳ ሺህ ሰው በሚይዘው ስታዲየም ጥቂት ሺህ ሰው ብቻ ተበታትኖ ይቀመጥ ጀመረ።

ውሳኔው

በዲሴምበር 1938 ዓ.ም. ሃቺንስ ሳተርዴይ ኢቭኒንግ ፖስት በተባለው ታላቅ መጽሔት ላይ ስለ መግቢያ ገንዘብና ስለ ክብር ብርቱ ጽሑፍ አወጣ። የኮሌጅ ስፖርት በሽታው ጨዋታው ሳይሆን ገንዘቡ እንደ ሆነ አስረዳ። መድኃኒቱንም ሲያመለክት፣ የመግቢያ ዋጋ ወደ ዐሥር ሳንቲም ዝቅ እንዲልና አሠልጣኞች ባስገቡት ገንዘብ ሳይሆን በመምህርነታቸውና በጠባያቸው እየተመዘኑ የሥራ ዋስትና እንዲያገኙ አሳሰበ። ብዙ ሰው አነበበው፤ ብዙ ሰውም አደነቀው። የተቀበለው ግን አልነበረም።

የ1939 ዓ.ም. የውድድር ዘመን መጣ። ቺካጎ ቤሎይት በተባለው ትንሽ ኮሌጅ 6 ለ 0 ተሸነፈ። ዋባሽን 12 ለ 2 አሸነፈ። ከዚያ በኋላ የደረሰበት ግን በሰውም በእግዚአብሔርም ፊት የሚያሳዝን ነበረ። ሃርቫርድ 61 ለ 0፣ ሚሺጋን 85 ለ 0፣ ቨርጂኒያ 47 ለ 0፣ ኦሃዮ ስቴት 61 ለ 0፣ ኢሊኖይ 46 ለ 0 አሸነፉት። ከዋባሽ ሌላ ያሸነፈው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የሃቺንስ የልጅነት ትምህርት ቤት ኦበርሊን ነው፣ 25 ለ 0።

እነዚያን ቁጥሮች እንደ ቀልድ የሚያነብ ሰው ተጫዋቾቹን ያስባቸው። እነዚህ ከፈተናቸው መልስ ልምምድ የሚያደርጉ እውነተኛ ተማሪዎች ነበሩ። ፊት ለፊታቸው የተሰለፉት ደግሞ ከየአገሩ ተመርጠው የመጡ ግዙፋን ናቸው። ሰማንያ አምስት ነጥብ ሲቆጠርባቸው ከሜዳው አልሸሹም። ጥፋቱም የእነርሱ አልነበረም፤ ከማይመጣጠናቸው ጋር ያሰለፋቸው ትምህርት ቤት ጥፋት ነበረ።

በዩኒቨርሲቲው ፊት ሦስት መንገድ ነበረ። አንደኛው እንደ ሌሎቹ በስውር እየከፈሉ፣ ፈተናውንም እያቀለሉ ጎበዝ ተጫዋች መሰብሰብ ነው። ሁለተኛው እንደ ነበሩ መቀጠልና ዓመት በዓመት መዋረድ ነው። ሦስተኛው መተው ነው። የመጀመሪያው ሐሰት ነው፤ ሁለተኛው በልጆች መጨከን ነው። ሃቺንስ ሦስተኛውን መረጠ። የዩኒቨርሲቲውም የበላይ ጠባቂዎች ቦርድ ክርክሩን ሰምቶ በዲሴምበር 21 ቀን 1939 ዓ.ም. ቺካጎ ከእንግዲህ ወዲህ በፉትቦል ውድድር እንዳይገባ ወሰነ።

ወሬው በአገሩ ሁሉ እንደ መብረቅ ተሰማ። የቢግ ቴን መሥራች፣ የስታግ ቤት፣ የመጀመሪያው የሃይስማን ተሸላሚ ትምህርት ቤት ኳሱን ጣለ ማለት ለብዙዎች የማይታመን ነገር ሆነ። ከቀድሞ ተማሪዎች ብዙዎቹ አዘኑ፤ አንዳንዶቹም ተቈጡ። በጃንዋሪ 1940 ዓ.ም. ሃቺንስ ተማሪዎቹን ሰብስቦ ምክንያቱን ራሱ አስረዳ። ፍሬ ነገሩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ቤት እንደ መሆኑ፣ በዚህ ጨዋታ ለማሸነፍ የሚጠየቀው ዋጋ ከትምህርቱ ላይ የሚቀነስ ከሆነ ሊከፍለው አይገባም የሚል ነበረ። ሌሎች ስፖርቶች አልተዘጉም። ተማሪው ለጤናውና ለደስታው እንዲጫወት በግቢው ውስጥ የሚደረገው ውድድር ቀጠለ።

ለእውነት ስንል የተቺዎቹን ቃል ደግሞ ማሰማት አለብን። ሃቺንስ ከመጣ ዐሥር ዓመት ሆኖት ነበረ፤ ኳሱን የተወው ግን ቡድኑ ሲያሸንፍ ሳይሆን ሲሸነፍ ነው። በ1924 ዓ.ም. ቺካጎ ሻምፒዮን በነበረበት ጊዜ ማንም እንዲህ ያለ ሐሳብ ቢያቀርብ የሚሰማው አያገኝም ነበረ። ሽንፈቱ ሥራውን አቅልሎለታል። ይሁን እንጂ ሽንፈት ብቻውን ሰውን አያስተምርም። ብዙ ትምህርት ቤቶች በተሸነፉ ቁጥር የሚያደርጉት ተጨማሪ ገንዘብ መበደርና ሌላ አሠልጣኝ መቅጠር ነው።

ከሜዳው በታች የሆነው ነገር

ባዶ የቀረው የስታግ ሜዳ ሌላ ታሪክ ይጠብቀው ነበረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በዲሴምበር 2 ቀን 1942 ዓ.ም.፣ ኢጣልያዊው ሊቅ ኤንሪኮ ፌርሚና ጓደኞቹ ከምዕራቡ የተመልካች መቀመጫ በታች በሚገኝ ክፍል ውስጥ በሰው እጅ የተሠራውን የመጀመሪያውን ራሱን የሚያንቀሳቅስ የአቶም ምላሽ በምሥጢር አከናወኑ። ዓለም ከዚያች ቀን በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆነም። መቀመጫው በ1957 ዓ.ም. ፈረሰ፤ ሜዳው በነበረበት ቦታ ላይም በ1970 ዓ.ም. ሬገንስታይን የተባለው ታላቅ ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። የኳስ ሜዳ የመጻሕፍት ቤት መሆኑን ሃቺንስ በሕይወቱ ሳለ አየ።

ቺካጎ በ1946 ዓ.ም. ከቢግ ቴን ማኅበር ፈጽሞ ወጣ። ቦታውንም ከሦስት ዓመት በኋላ ሚሺጋን ስቴት ወሰደ።

ሃቺንስ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች እንዲከተሉት ይመኝ ነበረ፤ ወዲያውኑ የተከተለው ታላቅ ትምህርት ቤት ግን አልተገኘም። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው እንዲሉ፣ ትናንሾቹን የመከራቸው የሂሳብ መዝገባቸው ነው። ከጦርነቱ በኋላ ቡድኖች ለማጥቃትና ለመከላከል የተለያዩ ተጫዋቾች ማሰለፍ ስለ ጀመሩ የተጫዋቹ ቁጥርና ወጪው ጨመረ። ቴሌቪዥንም መጥቶ ሰው በቤቱ ተቀምጦ ታላላቆቹን ማየት ስለ ጀመረ የትናንሾቹ የመግቢያ ገቢ ቀነሰ። በ1951 ዓ.ም. ጆርጅታውንና የካሊፎርኒያው ሴይንት ሜሪስ ፉትቦልን ተዉ። ሳንታ ክላራ ከ1952፣ ፎርድሃም ከ1954 የውድድር ዘመን በኋላ ተከተሉ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ነው። ይህ ትንሽ የካቶሊክ ትምህርት ቤት በ1951 ዓ.ም. ዘጠኝ ጊዜ ተጫውቶ ዘጠኙንም አሸነፈ። በቡድኑ ውስጥ ግን ሁለት ጥቁር ተጫዋቾች ነበሩ። በደቡብ የሚደረጉት ታላላቅ የፍጻሜ ጨዋታዎች ስለዚህ ሳይጋብዙት ቀሩ፤ ጓደኞቻቸውም እነርሱን ትተው ለመሄድ አልፈቀዱም። ከጨዋታው ይገኝ የነበረው ገቢ ቀረ፤ ዕዳው ግን አልቀረም። አንድ ጊዜ እንኳ ያልተሸነፈው ቡድን በዚያው ዘመን ማብቂያ ተበተነ። ስለዚህ ከሜዳ የሚወጣ ሁሉ ደካማ ነው ማለት አይቻልም።

ቀሪ ዘመኑ

የሃቺንስ ሕይወት በኳስ ነገር ብቻ የሚወሰን አይደለም። መምህራኑ በፖለቲካ አስተያየታቸው ምክንያት በክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት በተከሰሱ ጊዜ በ1935ና በ1949 ዓ.ም. ፊት ለፊት ቆሞ ተከራክሮላቸዋል። ከጦርነቱም በኋላ የአቶም ኀይል በወታደር እጅ ብቻ እንዳይቀር ከሊቃውንቱ ጋር ደክሟል። እስከ 1945 ዓ.ም. በፕሬዚዳንትነት፣ ከዚያም እስከ 1951 ዓ.ም. በቻንስለርነት ዩኒቨርሲቲውን ሲመራ 22 ዓመት ያህል ሠርቷል። ከዚያ በኋላ በፎርድ ፋውንዴሽን አገልግሏል። በ1952 ዓ.ም. በ54 ቅጽ የታተሙትን የምዕራቡን ዓለም ታላላቅ መጻሕፍት በዋና አዘጋጅነት አሳትሟል። በ1959 ዓ.ም.ም በካሊፎርኒያ በሳንታ ባርባራ ስለ ዴሞክራሲ ተቋሞች የሚመረምር ማእከል አቋቁሟል።

ጉድለትም ነበረበት። በራሱ ሐሳብ እጅግ የሚተማመን፣ የሌላውን ምክር ለመስማት ትዕግሥት የሚያንሰው ሰው ስለ ነበረ ከመምህራኑ ጋር ብዙ ጊዜ ተጋጭቷል። በዘመኑ መጨረሻ የኮሌጁ ተማሪዎች ቁጥር እየቀነሰ ሄዷል። አንዳንዶች ይህን በኳሱ መቅረት፣ ሌሎች በትምህርቱ ክብደትና በሰፈሩ መበላሸት ያመካኛሉ። የተከተሉት አስተዳዳሪዎችም ካቋቋመው ብዙውን ለውጠዋል። ሃቺንስ በሜይ 14 ቀን 1977 ዓ.ም. በሳንታ ባርባራ በ78 ዓመቱ ዐረፈ።

ፉትቦልም ራሱ ወደ ቺካጎ ተመልሷል። በ1963 ዓ.ም. ተማሪዎች በክበብ መልክ መጫወት ሲጀምሩ ሌሎች ተማሪዎች ሜዳው መካከል ተቀምጠው ተቃወሙ። ይሁንና በ1969 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው መደበኛ ቡድን እንደ ገና ተቋቋመ። ዛሬ ቺካጎ የሚጫወተው በሦስተኛው ዲቪዚዮን፣ ለስፖርት ስኮላርሺፕ በማይሰጥበት ደረጃ ነው። የበርዋንገር ሽልማት በስፖርት ቤቱ ውስጥ በክብር ተቀምጧል፤ ተማሪዎቹ በአጠገቡ እያለፉ ወደ ልምምዳቸው ይሄዳሉ። እንግዲህ ሃቺንስ ያስወጣው ጨዋታውን ሳይሆን ንግዱን ነበረ ማለት ይቻላል።

የዛሬዎቹ ትናንሾች

አሁን ወደ ተነሣንበት እንመለስ። የሃርትፎርድ ዩኒቨርሲቲ በማርች 2021 ዓ.ም. የወንዶች የቅርጫት ኳስ ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ብሔራዊው ውድድር ገባ፤ ሁለት ወር ያህል ሳይቆይ ግን ትምህርት ቤቱ ወደ ሦስተኛው ዲቪዚዮን ለመውረድ ወሰነ። በፔንሲልቫኒያ የሚገኘው ትንሹ የሴይንት ፍራንሲስ ዩኒቨርሲቲም በማርች 2025 ዓ.ም. እንዲሁ አደረገ። ቡድኑ በብሔራዊው ውድድር ላይ በሁለት ነጥብ ተሸንፎ በተመለሰ በሳምንቱ፣ አንደኛውን ዲቪዚዮን ለቅቆ ወደ ሦስተኛው እንደሚወርድ አስታወቀ።

ሸክሙ ለእነዚህ የከበደበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከ2025ቱ ስምምነት ጋር፣ ቀድሞ ሳይከፈላቸው ለቀሩት ተጫዋቾች በዐሥር ዓመት ውስጥ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንዲከፈል ተወስኗል። ከዚህም ከፍ ያለው ክፍል የሚገኘው ብሔራዊው ማኅበር በየዓመቱ ለትምህርት ቤቶች ያካፍለው ከነበረው ገንዘብ ተቀንሶ ነው። ስለዚህ ለአንድ ተጫዋች እንኳ ከፍሎ የማያውቅ ትንሽ ኮሌጅ ድርሻው ይቀንስበታል። ጎበዝ ተጫዋች ቢያወጣም ሀብታሙ በሚቀጥለው ዓመት በገንዘብ ይወስድበታል።

ከዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተጫዋች ለድካሙ ዋጋ ማግኘቱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ለዓመታት ሌሎች በላቡ ሲበለጽጉ እርሱ ባዶ እጁን መቅረቱ ነው ክፉው። ክፍያው በስውር ከሚሆን በግልጽ መሆኑም ይሻላል። ከሜዳ መውጣትም ለችግር ሁሉ መድኃኒት አይሆንም። በአላባማ የነበረው በርሚንግሃም ሳውዘርን ኮሌጅ በ2006 ዓ.ም. አንደኛውን ዲቪዚዮን ለመተው ወስኖ ነበረ። ሆኖም በሌላ ምክንያት በደረሰበት የገንዘብ ችግር በሜይ 31 ቀን 2024 ዓ.ም. ፈጽሞ ተዘጋ። በዚያች ቀን የቤዝቦል ቡድኑ በሦስተኛው ዲቪዚዮን የመጨረሻ ውድድር ላይ ነበረ፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት የሌለው ማልያ ለብሰው ተጫወቱ። ቺካጎ ኳሱን ሲተው የሮክፌለር ሀብትና የሊቃውንቱ ስም ከኋላው ነበረለት። ትንሽ ኮሌጅ ግን ኳሱን ሲተው ስሙ ከጋዜጣ ይጠፋል፤ የሚመጣው ተማሪም ይቀንስ ይሆናል የሚል ሥጋት አለበት።

ይህም ሁሉ ሆኖ ከሃቺንስ ሕይወት የሚገኘው ቁም ነገር አልጠፋም። አንድ ትምህርት ቤት የተቋቋመበትን ምክንያት ራሱ መናገር ካልቻለ ገበያው ይናገርለታል። ሃቺንስ በ85 ለ 0 ሽንፈት መካከል ቆሞ፣ ውርደቱ በሜዳው ላይ የተቆጠረው ቁጥር አይደለም፣ ያንን ቁጥር ለመሸሸግ ሲባል ትምህርቱን መሸጥ ነው ብሎ አመነ፤ ባመነውም ጸና። የዛሬዎቹ ትናንሽ ኮሌጆች የሚጠየቁትም ይኸንኑ ነው። በአቅም መጫወት ጨዋታን መተው አይደለም። ከማይችሉት ሸክም በታች ወድቆ ተማሪውንም ኳሱንም ከማጣት፣ ሸክሙን በጊዜ አውርዶ የተጠሩበትን ሥራ መሥራት የሚያስመሰግን እንጂ የሚያሳፍር አይደለም።